የኔታ የቀበሩት ሰው

መርጌታ ገብረ ኪዳን ከምትኩ ቤት የደረሱት መስከረም ስድስት ቀን በማለዳ ነው። ከጽጽቃ በታች ካለው አገራቸው ተነሥተው ሁለት ቀን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በኪዳነ ምሕረት ደብር አርባ ዓመት ያህል ዜማ ሲያስተምሩ ስለ ኖሩ ዋግ ውስጥ ተማሪያቸው የሌለበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ያን ቀን ግን የመጡት ብቻቸውን ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆሙና፣

«ውኃ የሚያውቀው ሰው ቤት ይኸ ነው?» ብለው ጠየቁ።

የወጣችላቸው የምትኩ ሚስት ጥሩሐረግ ናት። አቧራ የለበሰ እግራቸውን አይታ ምንም ሳትጠይቅ አስገባቻቸው፤ ውኃ አምጥታ እግራቸውን አጠበች። ምትኩ ከማሽላው እርሻ ወፍ ሲጠብቅ ነበርና ተጠርቶ መጣ። ጉልበታቸውን ስሞ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ከየት እንደ መጡ ባያውቅም ለምን እንደ መጡ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። በዚያ ወራት ሰው እሱን ፈልጎ ከመጣ ስለ ተከዜ ነው።

«ልጄ ኪዳኑ ዲያቆን ነው» አሉ መርጌታ። «በጳጉሜን ሁለት ለሩፋኤል ቅዳሴ ወደ ማዶ ወረደ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ተው ብለውት ነበር፤ እዚያ ግን ሌላ ዲያቆን የለም። ባዶ ጀሪካን ታቅፎ ገባ። ከመሃል ሲደርስ ወሰደው። ሰው ሁሉ እያየው ነው የወሰደው።»

መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቀጠሉ።

«ከሦስት ቀን በፊት ፍየል ጠባቂዎች ከገደሉ አፍ ላይ ሆነው ታች ነጭ ጨርቅ አዩ። ጎርፍ ያመጣው እንጨት የተከመረበት ቦታ ነው፤ ከጨርቁ ሥር እጅ ይታያል አሉ። ከላይ እንዳይወረድ ገመድ አይደርስም። በወንዙ ዳር እንዳይኬድ እግር ማሳረፊያ የለም። አንተ በፈረንጆቹ ጀልባ በዚያ ትወርድ ነበር ብለው ነገሩኝ።»

«የኔታ» አለ ምትኩ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ቦታውን አውቀዋለሁ። ወንድሜም የቀረው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው።»

ምትኩ ወንዙን የተማረው በልጅነቱ ነው፤ ጀልባውን የተማረው ግን ካገባ በኋላ ነው። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ መንገዱም ሳይዘጋ በፊት፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ተከዜን በጀልባ ለመውረድ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ። መጀመሪያ ዕቃ ተሸካሚ አድርገው ቀጠሩት። አንድ ቀን ጎርፍ የወሰደባቸውን መቅዘፊያ ዋኝቶ ሲያመጣ ያየ ጢሙ ቀይ የሆነ ፈረንጅ ካያክ ላይ አስቀመጠው። ካያክ የሚሉት አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጠባብና ረጅም የፕላስቲክ ጀልባ ነው። ሰውየው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል፤ ውኃ እንዳይገባ የጎማ ሽርጥ ወገቡ ላይ አስሮ ጠርዙን ከጀልባው አፍ ጋር ያያይዘዋል። ከተገለበጠ መውጣት የለበትም። በተገለበጠበት ሆኖ መቅዘፊያውን ውኃው ላይ አስደግፎ፣ ወገቡን አዙሮ መቃናት ነው ያለበት። ምትኩ ይህን በአንድ ሳምንት ተማረ። ታናሽ ወንድሙ ደጅይጥኑ ደግሞ በሦስት ቀን።

ከላይኛው መሻገሪያ እስከ ታችኛው መሻገሪያ ድረስ ወንዙ በሁለት ገደል መካከል ይገባል። ውኃው እየተናጠ የሚወርድባቸውን ሦስት ቦታዎች ጀልበኞቹ ስም አውጥተውላቸው ነበር፦ ደረጃው፣ ጠባቡ፣ ወፍጮው። ወፍጮው የመጨረሻውና የከፋው ነው። ደጅይጥኑ በወፍጮው ገባ፤ ጀልባው ብቻውን ወጣ። ምትኩ ከታች ሆኖ እስኪመሽ ጠበቀ። ከዚያም ሁለት ወር ሙሉ ፈለገ። ምንም አላገኘም። እናታቸው ግን መፈለጓን አልተወችም። ዝናብ ባቆመ ቁጥር ወደ ወንዙ እየወረደች በእጇ አሸዋ ትጭር ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት እዚያው ወባ ያዛትና ሞተች። ምትኩ ከወንድሙ ሞት ወዲህ ተከዜ ውስጥ ላይገባ ለሚስቱ ቃል ሰጥቷታል። ካያኩ ከቤቱ ጀርባ ተደፍቶ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ዶሮዎች ከሥሩ ገብተው እንቁላል ይጥሉበታል።

«ቃል ሰጥቻለሁ የኔታ» አለ። «ለሷ።»

መርጌታ ወደ ጥሩሐረግ ዞሩ። እሷ ማሰሮውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ለባሏ በኽምጣንጋ ተናገረች፤ እንግዳው የሚሰሙ አልመሰላትም።

«እናትህ በእጇ አሸዋ ስትጭር አብሬያት ነበርኩ። ጥፍሯ ተልጦ አይቻለሁ። አትግባ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ ግባ የምልህ። ነገር ግን አንድ የሞተ ለማውጣት ሁለተኛ አትጨምርብኝ።»

መርጌታም በዚያው በኽምጣንጋ፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሏት። ጥሩሐረግ ደንግጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ምትኩ ካያኩን ገልብጦ ዶሮዎቹን አባረረ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ነጥቷል እንጂ አልተሰነጠቀም። ሽርጡ ግን ደርቆ ነበርና ቅቤ ቀብቶ አለዘበው። ከዚያ ወንዳወቅን ጠራ። ወንዳወቅ በጀልባው ዘመን ከዳር ሆኖ ገመድ የሚጥል ሰው ነበር፤ አሁን ኒሯቅ ገበያ ላይ ፍየል ይነግዳል። ስለ ምን እንደ ሆነ ሲነገረው ገመዱን ሊፈልግ ሄደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከላይኛው መሻገሪያ ደረሱ። የኪዳኑ አጎትና ሌሎች አራት ዘመዶች ከጽጽቃ በኩል ወርደው ይጠብቋቸው ነበር። ከመሻገሪያው በላይ ውኃው ሰፍቶ የሚረጋበት ቦታ አለ። ምትኩ ስድስት ዓመት ያልሠራበትን ሰውነቱን ሊፈትን እዚያ ገባና ሆን ብሎ ተገለበጠ። ለመቃናት ሞከረ፤ አልሆነም። አየር አጠረው። ሁለተኛም አልሆነም። በሦስተኛው ሲወጣ ከዳር ጩኸት ሰማ። መርጌታ መቋሚያቸውን ጥለው እስከ ጉልበታቸው ውኃው ውስጥ ገብተዋል፤ ወንዳወቅ ከኋላ ጋቢያቸውን ይዟቸዋል።

«ልምምድ ነው የኔታ!» ይላል ወንዳወቅ። «ልምምድ ነው፣ አውቆ ነው!»

መርጌታ ወደ ዳር ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ምትኩ ቀዝፎ ተጠጋ።

«ተወው» አሉት። «ይቅርብኝ። ለኪዳኑ ብዬ የሰው ልጅ አልሰጥም።»

«አሁን ነው የተመለሰልኝ፣ የኔታ። እጄ አስታወሰ።»

ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ከጉያቸው የታጠፈ አዲስ አቡጀዲ አወጡ፤ ለከፈን የገዙት ነው። እጁ ላይ ካስቀመጡለት በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ነገሩት።

«አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ፊቱን ላትለየው ትችላለህ። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት የለችም። በልጅነቱ የደብሩ የድንጋይ ደወል ሲወርድ ወድቆበት ነው የተቆረጠችው። በሷ ትለየዋለህ።»

ምትኩ አቡጀዲውን፣ የሬሳ መጠቅለያ ሸራ፣ ገመዱንና ሁለት ባዶ ጀሪካን ካያኩ ውስጥ ከእግሩ በላይ ጠቀጠቀ። ወንዳወቅና ዘመዶቹ በገደሉ አናት ዞረው ታችኛው መሻገሪያ ላይ ሊጠብቁት ተስማሙ። ሲወጣ ማንም አልሸኘውም፤ መርጌታ ብቻ መስቀል አስመስለው በእጃቸው ባረኩት።

ገደሉ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፅ ነው። ከመሻገሪያው የነበረው የሰው ወሬ፣ የፍየሉ ጩኸት፣ የነፋሱ ሽውታ ሁሉ ድንገት ተቆረጠና የቀረው የውኃው ጉምጉምታ ብቻ ሆነ። ግድግዳው በግራም በቀኝም ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ጠቧል። ውኃው ጭቃ ለብሶ እንደ ጠላ አተላ ወፍሮ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ አይታይም። ድንጋዩን የሚያውቁት ውኃው ከላዩ ሲያብጥ ነው።

ደረጃው እንደ ስሙ ነው፤ ውኃው አራት ጊዜ ይዘላል። ምትኩ በቀኝ በኩል ገባ። የመጀመሪያው ሞገድ ደረቱን መታው፣ ሁለተኛው ፊቱን። ሰውነቱ ከአሳቡ ቀድሞ ይሠራ ነበር። መቅዘፊያው ሲያስፈልግ ወደ ግራ ይወድቃል፣ ሲያስፈልግ ወደ ቀኝ። ከታች እርጋታው ላይ ሲደርስ እስትንፋሱን ሰበሰበና ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅይጥኑን አሰበ። ደጅይጥኑ ከዚህ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር።

ጠባቡ ላይ ወንዙ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ግራና ቀኝ ግድግዳውን እስከሚነካ ድረስ ይጠባል። ውኃው ስለሚታፈን በመሃል ከፍ ብሎ፣ በዳርና በዳር ዝቅ ብሎ ይሮጣል። ከመሃሉ ላይ ካልቆዩ ከግድግዳው ጋር ያጣብቃል። ምትኩ ከመሃሉ ሳይወጣ ሮጠ፤ አንድ ጊዜ ብቻ መቅዘፊያው ዐለቱን ነካና ክንዱን እስከ ትከሻው ነዘረው። ከዚያ ገደሉ ትንሽ ተከፈተ፤ በግራ በኩል የጎርፍ እንጨት ተከምሮ አየ።

ነጩ ጨርቅ ከእንጨቱ መካከል ነበር።

ካያኩን ወደ አሸዋው አውጥቶ በድንጋይ አስደገፈ። ነጠላውን አፍንጫው ላይ አሰረና በዝግታ ቀረበ። እንጨቱ ሬሳውን ከላይ ሸፍኖት ስለ ነበር አሞራ አልደረሰበትም። ከወገቡ በታች ውኃ ውስጥ ነው። ጨርቁ ጋቢ ነው። ምትኩ ከመንካቱ በፊት አማተበና፣ «ይቅር በለኝ» አለው። ከዚያ እንጨቱን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረ። ሥራው ረጅም ጊዜ ወሰደ። መርጌታ እንዳሉት ፊቱ ፊት አልነበረም። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ከማተቡም አንድ ክንዱ የተሰበረ ትንሽ የእንጨት መስቀል ነበረ።

ሬሳውን ወደ አሸዋው ሲስበው እግሮቹ ከውኃው ወጡ። ምትኩ የግራውን እግር አየ። ጭቃውን በእጁ ጠርጎ ደግሞ አየ። ቀኙንም አየ፤ ምናልባት የነገሩትን አሳስቶ ሰምቶ ይሆናል ብሎ።

አሥሩም ጣቶች ነበሩ።

አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ከላይ፣ ከገደሉ አፍ፣ ትንንሽ ሰዎች ቆመው ይታዩታል፤ ወንዳወቅ ይሆናል፣ የኪዳኑ አጎት ይሆናል። እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እሱ ምን እንዳየ ማየት አይችሉም። ሊጮህላቸው ቢፈልግም ድምፁ አይደርስም።

መጀመሪያ የመጣለት ትቶት መሄድ ነው። ፀሐዩ ገና ነው፤ በዳር በዳር እየፈለገ ቢወርድ ምናልባት ኪዳኑን ያገኛል። ግን ከዚህ በታች ወፍጮው ነው፤ ከወፍጮው በታች ደግሞ ወንዙ ሰፍቶ የግድብ ውኃ ውስጥ ይገባል። ወንድሙን ሁለት ወር ፈልጎ ያጣው ሰው በአንድ ከሰዓት ምን ያገኛል? ሁለተኛ የመጣለት አሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ሲመጣም ልቡን አሞቀው። ይህን ሰው ከፍኖ ቢያወጣው ማን ያውቃል? አሥራ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ የቆየን ሬሳ ማንም ከፍቶ አያይም። ሽማግሌው ልጃቸውን ቀበሩ ማለት ነው። እንደ ምትኩ እናት አሸዋ ሲጭሩ አይሞቱም። አንዲት ጣት ናት። አንዲት ጣት ብቻ።

«ኪዳኑ ነው እላቸዋለሁ» አለ ጮክ ብሎ፣ ለራሱም ለሬሳውም።

በመርጌታ አቡጀዲ ከፈነው። በሸራ ጠቅልሎ ገመድ አዞረበት፤ በግራና በቀኙ ሁለቱን ጀሪካን አሰረ። የገመዱን ጫፍ ከካያኩ ኋላ አያያዘው፤ አደጋ ቢመጣ በአንድ መሳብ እንዲፈታ አድርጎ ነው ያሰረው። በወፍጮው በኩል በእግር የሚታለፍበት ዳር የለም። ሬሳውን እየጎተተ በውኃው መሃል ማለፍ አለበት።

ወፍጮው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ውኃው አንድ ትልቅ ዐለት ላይ ወጥቶ ከጀርባው ይወድቃል፤ የወደቀው እንደ ገና ወደ ላይ ተመልሶ ራሱን ይፈጫል። መንገዱ በግራ በኩል፣ በዐለቱና በግድግዳው መካከል፣ ካያኩን ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ምትኩ ወደ ግራ አነጣጥሮ በኃይል ቀዘፈ። ካያኩ በትክክል ገባ። ሬሳው ግን ከኋላ ወደ ቀኝ ተሳበና ገመዱ ተወጠረ፤ ካያኩ ጎኑን ለውኃው ሰጠ። በአንድ ቅጽበት ሰማዩ ጠፋ።

ከሥር ጨለማና ጩኸት ነው። ውኃው ክንዱን ከትከሻው ሊነቅለው ይጎትተዋል። ለመቃናት ሞከረ፤ መቅዘፊያውን የሚያስደግፍበት ውኃ ሳይሆን አረፋ ነው፣ አይዝም። እጁ የሚፈታውን ገመድ ፈለገ፤ አጣው። ሁለተኛ ሞከረ። ደረቱ ሊፈነዳ ደረሰ። ጥሩሐረግ ማሰሮውን ስታስቀምጥ ታየችው። ያኔ ግራ እጁ አንድ ጠንካራ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ነካ። ጀሪካኑ ነው። ሬሳው ዞሮ ከጎኑ መጥቷል። ምትኩ በጀሪካኑ ላይ ተደግፎ ወገቡን አዞረ፤ ጭንቅላቱ ከውኃው ወጣ፣ አየር ሳበ፣ ውኃ ዋጠ፣ ደግሞ አየር ሳበ። ወፍጮው ሁለቱንም አንድ ላይ ተፋቸው።

ከታች ባለው እርጋታ ላይ ካያኩና ሬሳው ጎን ለጎን ቀስ ብለው ይሽከረከሩ ነበር። ምትኩ እጁን ከጀሪካኑ ላይ አላነሣም። አስታወከ። ከዚያ አለቀሰ፤ ለማን እንደሚያለቅስ ግን ለይቶ አላወቀም። ልቡ ሲረጋ መቅዘፊያውን አንሥቶ ወደ ታችኛው መሻገሪያ መጎተት ጀመረ።

ገና ከሩቅ ሲያዩት ለቅሶው ተነሣ። ወንዶቹ እስከ ወገባቸው ገብተው ሸራውን ተቀበሉ፤ ተሸክመው አሸዋው ላይ አኖሩት። መርጌታ ገብረ ኪዳን በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ተንበረከኩ። እጃቸውን ሸራው ላይ፣ ደረቱ በሚሆንበት ቦታ፣ አሳረፉ።

«ኪዳኑ» አሉ በቀስታ። «ልጄ፣ መጣህልኝ?»

ምትኩ ካያኩ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነው። ሽርጡን መፍታት አቅቶታል። ለመናገር ያዘጋጀው ቃል አፉ ውስጥ አለ፤ ማለት የነበረበት «አዎ የኔታ» ብቻ ነው። ነገር ግን የዚያ ሽማግሌ እጅ እዚያ ሰው ላይ ሲያርፍ ሲያይ ሌላ ሰው ታየው፤ የትም ይሁን የት፣ በአንድ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ አሸዋ የሚጭር። ያ ሰው ይህን ሬሳ ነው የሚፈልገው።

«የኔታ» አለ። ለቅሶው ዋጠው። ደገመው። «የኔታ፣ ኪዳኑ አይደለም። ጣቱ ሙሉ ነው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። የኪዳኑ አጎት ወደ ካያኩ ሁለት እርምጃ ተራመደ።

«ታዲያ ምን ብለህ አመጣኸው?» አለ። «ለምን እኛን ታስለቅሰናለህ? የማን እንደ ሆነ ለማናውቀው ሰው ነው እንዴ የሽማግሌውን ከፈን የጨረስከው?»

ወንዳወቅ መሃላቸው ገባ። መርጌታ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ተንበረከኩ ናቸው። እጃቸውን ግን ከሸራው ላይ አላነሡም።

«አይተኸዋል?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ። «ኪዳኑን የትም አላየኸውም?»

«አላየሁትም፣ የኔታ።»

«ይኸኛው ማተብ አለው?»

«አለው። መስቀልም አለው።»

መርጌታ እጃቸውን ሸራው ላይ እንደ ገና አንድ ጊዜ ጫን አደረጉና ተነሡ። ወደ አጎትየው ዞረው፣ «ከፈኑ ተገዝቷል፣ ሰውም ተሰብስቧል» አሉ። «ሬሳ ወንዝ ዳር አይጣልም። አንሡት።»

ከመሻገሪያው በላይ ያለችው ትንሽ የገጠር መድኃኔ ዓለም ናት። ተሸክመው ሲደርሱ የአጥቢያው ቄስ ወጥቶ ተቀበላቸው። መቃብሩን ምትኩም ቆፈረ፤ ከገደሉ ወጥቶ እህል አልቀመሰም ነበር፣ አካፋውን ግን ለማንም አልሰጠም። ፍትሐቱ ተጀመረ። የሟቹ ስም የሚጠራበት ሲደርስ ቄሱ አቆመ። ወደ ሰው ሁሉ ተመለከተ። ማንም የሚያውቅ የለም።

መርጌታ ከጎኑ ነበሩ። «‹ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ› በል» አሉት።

ቄሱም እንደዚያው አለ። መርጌታ ዜማውን ከእሱ ተቀብለው ራሳቸው መሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ተሰበረ፤ ከዚያ ተስተካከለ፤ ከዚያ ምትኩ ከቤተ ክርስቲያን ሰምቶት እንደማያውቀው ሆነ። የኪዳኑ አጎት ከኋላ ቆሞ ነበር። ሲጨርሱ ግን አፈሩን መጀመሪያ የመለሰ እሱ ነው።

ሬሳው ወደ መቃብሩ ሳይወርድ ከማተቡ ያስፈቱትን የእንጨት መስቀል መርጌታ ለቄሱ ሰጡ፤ ጠያቂ ቢመጣ እንዲያሳየው።

ጠያቂው የመጣው ኅዳር ሲገባ ነው። ጸሐይነሽ የምትባል ሴት ናት፤ ከማዶ፣ ከሰሜን በኩል፣ ውኃው ሲጎድል ከገበያተኞች ጋር ተሻግራ መጣች። ባሏ፣ እንዳለችው፣ በጳጉሜን ጎርፍ የወሰደበትን በሬ ሊያወጣ ገብቶ ቀርቷል። በየመሻገሪያው ስትጠይቅ ነው እዚያ የደረሰችው። ቄሱ መስቀሉን ሲያሳያት ተቀብላ የተሰበረውን ክንድ በጣቷ ዳሰሰችና ተቀመጠች። ምትኩም ስለ ተላከበት መጣ። ሬሳውን ያወጣው እሱ መሆኑን ሲነግሯት ተነሥታ እጁን ያዘች።

«ተሠቃይቶ ነበር?» አለችው።

«አላውቅም፣ እኅቴ» አለ ምትኩ። «ሳገኘው ተኝቶ ነበር።» ቀጥሎም ለማንም ያልተናገረውን ነገራት፤ ከወፍጮው ሥር ሆኖ በማን ላይ ተደግፎ እንደ ወጣ። ሴትዮዋ ሰማችው፤ ራሷን ነቀነቀች፤ አለቀሰች። የክርስትና ስሙ ወልደ ጻድቅ እንደ ሆነ ለቄሱ አስጻፈችና በመቃብሩ ላይ ሁለት ቀን ውላ ወደ ልጆቿ ተመለሰች።

ምትኩ በዚያ መካከል ገደሉን ሦስት ጊዜ ወርዶ ነበር። ጥሩሐረግ አልከለከለችውም፤ በየጊዜው በሩ ላይ ቆማ ትሸኘዋለች። ውኃው እየጠራ፣ ድንጋዩ እየታየ መጣ። የእንጨቱን ክምር ሁሉ ፈነቀለ፤ ከወፍጮው በታች ያለውን አሸዋ በእግሩ ተመላለሰበት። ኪዳኑን አላገኘውም። ከሦስተኛው በኋላ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ይህንኑ ሊነግር ወደ ጽጽቃ ተነሣ። መንገዱን ሁሉ ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያስብ ሄደ።

መርጌታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ተማሪዎቹን ለምሳ አሰናብተዋቸዋል። ምትኩ ጉልበታቸውን ሲስም ፊቱን አይተው ሁሉንም ተረዱ። ከጎናቸው ያለውን አጎዛ ጠጋ አድርገው፣ «ተቀመጥ» አሉት። እንጀራ አስመጥተው አብረው በሉ። ስለ ማሽላው ጠየቁት፣ ስለ ጥሩሐረግ ጠየቁት። ስለ ማዶይቱ ሴት ሲነግራቸው ስሟንና የሟቹን የክርስትና ስም ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ስለ ኪዳኑ ግን አልጠየቁም።

ሊነሣ ሲል ክንዱን ይዘው መልሰው አስቀመጡት።

«እዚያ ውስጥ» አሉ፣ «እኔ በዕድሜዬ አልገባሁበትም፣ አልገባበትምም። ልጄ ያለው እዚያ ነው። ምን ይመስላል? ከላይ ጀምረህ ንገረኝ፤ አትቸኩል።»

ምትኩ ዓይኑን ጨፈነ። ግድግዳው ከየት እንደሚጀምር፣ ዐለቱ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ቀትር ላይ እንዴት እንደሚቀላ፣ ከደረጃው በታች ባለው ስንጥቅ ውስጥ ወፎች በጭቃ ጎጆ እንደሚሠሩ፣ ውኃው አሁን ጠርቶ ዓሦቹ እንደሚታዩ ነገራቸው። መርጌታ በመሃል በመሃል ያስቆሙታል፤ ስንት ክንድ ይሆናል፣ ፀሐይ ይገባዋል ወይ፣ ድምፁ ከሩቅ ምን ይመስላል ይሉታል። እሱም የሚያውቀውን ይመልሳል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ተማሪዎቹ ከምሳ ተመልሰው ጥቂት ራቅ ብለው ተቀመጡ። መርጌታ በእጃቸው ጠብቁ አሏቸው፤ ምትኩም ገና ጠባቡ ላይ ነበርና ቀጠለ።